መጨረሻውን ንገራቸው

ውድ ክላይቭ፣

ልቦለድህ ደርሶኛል። ፖስተኛው በበሩ የፖስታ ቀዳዳ አልገባ ቢለው ከአበባው ማሰሮ ኋላ ሸሽጎት ሄዶ ኖሮ፣ ከሥራ ስመለስ ዳር ዳሩ በዝናብ ርሶ አገኘሁት። ደግነቱ ውስጡ ደህና ነው። ላዩ ላይ የለጠፍካትን ማስታወሻ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኳት። «ሎሪ፣ ይህን ነገር ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። መጽሐፌን ለአሳታሚ የሚያቀርብልኝ ወኪል የሚገኘው እንዴት ነው? የምልክላቸውን ደብዳቤና የታሪኩን ማጠቃለያ አይተሽ አርሚልኝ። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በቀትሩ ባቡር ዊትቢ እመጣለሁ፤ የቀረውን ያኔ እናወራዋለን።» እንዴት ነሽ የሚል ቃል ባገኝ ብዬ ገልብጬም አየኋት። ጀርባዋ ባዶ ነው።

አልተናደድኩም። ድሮ ቢሆን ማሰሮውንም እሰብረው ነበር። አሁን ደክሞኛል፣ ክላይቭ። ድካም ደግሞ ከንዴት ሳይሻል አይቀርም፤ ቢያንስ ቁጭ ያደርጋል። ሻይ አፍልቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ደብዳቤህን ማረም ጀመርኩ።

ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ያልከው ግን አሳቀኝ። እምቢ መባልን ለማለት ከሆነ ልክ ነህ። ያን ሁሉ ዓመት የራሴን ልቦለድ ስልክላቸው ኖሬ አንድም ወኪል እሺ ያላለኝን ሴት ስለ ወኪል መጠየቅ፣ መላጣን ስለ ማበጠሪያ እንደ መጠየቅ ነው። ቢሆንም መላጣ ማበጠሪያውን ሁሉ ሞክሮ አይቷልና ስማኝ።

ደብዳቤህ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል። ወኪል ማዘጋጃ ቤት አይደለም። ስም አላቸው፤ የሚወዱትንና የማይፈልጉትንም በየድረ ገጻቸው ጽፈው አስቀምጠዋል። አንዷ ወኪል፣ ሚስቶቻቸው ስላልገቧቸው ወንዶች ማንበብ ሰልችቶኛል ብላለች። ለእሷ አትላክ። ለሌሎቹ ስትልክ ደግሞ ለአንድ ሰው እንደምትጽፍ አድርገህ ጻፍ፤ ለምን እሱን እንደመረጥክ ንገረው፤ ስሙንም ሳትሳሳት።

ማክሰኞ ወደ ጸሐፊዎች ማኅበራችን ይዤው ሄድኩ። ኦድሪን ታስታውሳታለህ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ወደቡ ላይ ዓሣ የሸጠችው፣ አሁን በየልቦለዷ አንድ አንድ ቄስ የምትገድለው። ያንተ መሆኑን ሳልናገር አነበብኩላት። «ወንድሜ አንብቦት አለቀሰ» የሚለው ጋ ስደርስ የያዘችውን ሹራብ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ወንድምየው ሥራው ምንድን ነው?»

«ጣሪያ ይጠግናል።»

«እንግዲያው መዶሻ ወድቆበት ይሆናል ያለቀሰው። አውጪው። ወኪል የዘመድ እንባ ምን ያደርግለታል?»

«ይሄኛውስ? ‘እንዲህ ያለ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አልተጻፈም’ ይላል።»

«ታዲያ የትኛው መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጡት ነው? አውጪው።» ከመነጽሯ በላይ አሻግራ አየችኝ። «ክላይቭ ነው አይደል፣ ሆዴ?»

«በምን አወቅሽ?»

«ስለ ራሱ ገጹን ሞልቶ፣ ስለ መጽሐፉ አንድ መስመር። ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

እንደሷ ስላልሳቅኩ ነገሩን ቶሎ ተወችው።

እንግዲህ ደብዳቤው በአንድ ገጽ ተጠቃልሏል። ስለ መጽሐፉ ነው፤ ስለ አንተ የቀረው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ እነሱም ጥሩ ናቸው። ከላክኸው በኋላ ያለው ነው የሚከፋው። ብዙዎቹ ምን ይላሉ መሰለህ? «በአሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ካልመለስንልዎ አልተቀበልነውም ማለት ነው።» እምቢ እንኳ አይሉህም። ዝም ይላሉ፤ ዝምታውን አንተው ቆጥረህ፣ እምቢ መባልህን አንተው ለራስህ ትነግረዋለህ። እኔ ጥርስ ሐኪም ቤቱ እንግዳ መቀበያ ተቀምጬ፣ ጉንጩ ያበጠ ሰው ፊቴ ቆሞ ሲያቃስት፣ በጠረጴዛው ሥር ስልኬን ሳይ ኖሬአለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አሥራ ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ምናልባት በዓል ሆኖባቸው ይሆናል እላለሁ፤ ምናልባት ታመው ይሆናል እላለሁ። የማላውቃቸውን ሰዎች ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንዳሳመምኳቸው አትጠይቀኝ።

ለነገሩ ይህን ከእነሱ በፊት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ካርላይል ሄጄ ወንድሜን ጣሪያ ላግዘው፣ ሳምንት ቢሆነኝ ነው ብለህ ትንሿን ቦርሳ ይዘህ ወጣህ። ካፖርትህን እንኳ ትተህ ነው የሄድከው። ቀጥሎ ዝናብ ያዘን አልክ። ቀጥሎ እንጨቱ በስብሶ ተገኘ አልክ። ከዚያ ስለ ቦቲ ጫማህ ደወልክ፤ ከዚያም ጠፋህ። የካቴድራል ጣሪያ ቢሆን እስካሁን አልቆ ነበር። ትዳሩን የተወ ሰው ትቼዋለሁ ይላል። አንተ እሱን ቃል ነፈግከኝ፤ እኔም ካፖርትህን ከመንጠቆው ሳላወርድ፣ አቧራውን እያራገፍኩለት ተቀመጥኩ። ለሰው ሁሉ «ጣሪያ ላይ ነው» እል ነበር። ሰዉ እውነቱን እያወቀ አንገቱን ይነቀንቅልኛል። ያ ነው ከሁሉ የጎዳኝ።

ባለፈው የፀደይ ወራት አንዲት የለንደን ወኪል መጽሐፍሽን ሙሉውን ላኪልኝ አለችኝ። አንተ አላወቅክም፤ ለማን ልናገር ብዬ መጀመሪያ ያሰብኩት ግን አንተን ነበር። ኦድሪ ኬክ ገዛች። ወኪሏ ካነበበች በኋላ አልሆነም አለች፤ ግን ዝም አላለችም፤ በገዛ እጇ ጻፈችልኝ። «አጻጻፍሽን ወድጄዋለሁ። ባለ ታሪክሽ ሴት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለምን እንደምትጠብቅ ግን እስከ መጨረሻው አልገባኝም።»

አውቶቡስ ውስጥ ነበር ያነበብኩት። ልሰድባት ፈለግኩ፤ ስድብ አጣሁላት። ለምን እንደምትጠብቅ እኔም አላውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ካፖርትህን ለበጎ አድራጎቱ ሱቅ ሰጠሁት። አሁን አንድ ሽማግሌ ለብሶት ውሻውን ወደቡ ላይ ሲያንሸራሽር አየዋለሁ። ልኩ ነው።

ወደ መጽሐፍህ ልመለስ። ስጀምረው ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እያልኩ ነበር። ጥሎ የሄደው ሰው ብቸኝነት ሲያንገበግበው፣ ተጥላ የቀረችው ሴት ግን አንድ ምዕራፍ አልተሰጣትም። ደግሞ ስሜን ለውጠህ ሎርና ብለኸኝ ማንም እንዳያውቀኝ ተስፋ አድርገሃል። ሎርና ድንች ስትልጥ ልጣጩ እንዳይበጠስ ምላሷን በጥርሷ ይዛ የምትጠነቀቅበት ገጽ ላይ ስደርስ ግን መጽሐፉን ከድኜ አለቀስኩ። አይተኸኝ ኖሯል። ያን ሁሉ ዘመን ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባህን ሰጥተህ ጋዜጣ ስታነብ፣ አይተኸኝ ኖሯል። ምነው አንድ ቀን ብትነግረኝ? ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም እኮ።

ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ክላይቭ። ይህን ስልህ ይከብደኛል፤ ግን ከእኔው ይሻላል።

ማጠቃለያው ነው የሚያበላሽህ። እንዲህ ብለህ ጨርሰኸዋል፦ «ሎርና በሩን ትከፍትለት ይሆን? ለማወቅ መጽሐፉን ያንብቡ።» እንዲህ የሚባለው የመጽሐፍ ጀርባ ላይ ነው፤ ገዥን ለማጓጓት። ለወኪል የሚላክ ማጠቃለያ ግን ማን እንደሞተ፣ ማን እንደታረቀ፣ ሁሉንም መናገር አለበት። ጀማሪ ሁሉ ይህን ይሳሳታል፤ ወኪሉ ምስጢሩን ሊሰርቅበት የመጣ ይመስለዋል። እኔም ተሳስቼዋለሁ። ያኔ ኦድሪ ምን አለችኝ፣ «ዓሣውን ስታሳዪ ጅራቱን አትደብቂ። ጅራቱ ከተደበቀ፣ ገዥ የሚያስበው ዓሣው ሸትቷል ብሎ ነው።»

እንግዲያው መጨረሻውን እኔው ልጻፍልህ ብዬ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ሄድኩ። ሰውየው በረጠበ ካፖርት ሰማያዊው በር ፊት ቆሟል። ሊያንኳኳ እጁን አንስቷል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ነጭ ነው። አንዱ ገጽ ፖስታው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ፈለግኩ። የደበቅከው መስሎኝ ነበር፤ ለካ መጨረሻም የለውም። ያላለቀ መጽሐፍ ለወኪል አይላክም፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። አንተ ግን የቸኮልክ አልመሰለኝም። ቅዳሜ ለምን እንደምትመጣ ያኔ ገባኝ። የእኔም በር ሰማያዊ ነው።

ለኦድሪ ነገርኳት።

«ታዲያ ትከፍቺለታለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ። ማለቱ ነው የከበደሽ።» ሹራቧን ቀጠለች። «አንቺ እንኳ እንደነሱ ዝም አትበይው፣ ሆዴ። ያማል።»

ዝም ማለት መብቴ ነበር። በወኪሎቹም ሕግ፣ በአንተም ሕግ ማንም አይወቅሰኝም። አውቶቡስ እየተሳፈርኩ፣ እራት እየሠራሁ አሰብኩበት። አንተ ካርላይል ላይ ስልክህን እያየህ፣ ታማ ይሆናል፣ ደብዳቤው ጠፍቶባት ይሆናል ስትል ታየኝ። አልቻልኩም። ያን ለጠላቴም አልመኝም፤ አንተ ደግሞ ጠላቴ አይደለህም።

ስለዚህ የታረመውን ደብዳቤና ማጠቃለያ አብሬ ልኬልሃለሁ። የማጠቃለያው የመጨረሻ አንቀጽ የእኔ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ሎርና በሩን ትከፍታለች። ድሮ ትቶት የሄደውን ካፖርት ለሌላ ሰው እንደሰጠችው ትነግረዋለች። ሻይ ታፈላለታለች፤ የልብሱ ውኃ እስኪደርቅ እሳቱ ዳር ታስቀምጠዋለች። አይቷት እንደነበር እንዳወቀች፣ ዘግይቶም ቢሆን ደስ እንዳላት ትነግረዋለች። ከዚያ በማታው ባቡር ትሸኘዋለች። ሰውየው ተመልሶ አይመጣም። እሷም ከመስኮቱ ሥር ተነሥታለች።»

ካልወደድከው ቀይረው፤ መጽሐፉ ያንተ ነው። በሩ ግን የእኔ ነው። እኔም የራሴን መጽሐፍ እንደገና ጽፌዋለሁ፤ የእኔዋም ሴት ተነሥታለች። ያቺ የለንደን ወኪል ድጋሚ ታየው እንደሆነ ልጠይቃት ነው። እምቢ ትለኝ ይሆናል። ለምጄዋለሁ፤ ግን ዝም እንደማትለኝ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ድንቹን እኔ እልጣለሁ፣ ዓሣውን ኦድሪ እመርጥለታለሁ ብላለች። ጋዜጣ አታምጣ፤ ፊትህን ወደ እኔ አዙረህ ትበላለህ። ትንሿን ቦርሳ ግን ካርላይል ተዋት።

ሎሬይን