የአዱኛ አርባ ዱቄት

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ከነገ ወዲያ የልጄ የአዱኛ አርባ ነው። ለድፎው ሦስት ቁና ዱቄት ይበቃኛል ብዬ ነበር። የራሴ ስንዴ የገጠሩ ቤታችን ሲቃጠል አብሮ ስለሄደ ዛሬ ወደ ጣሊያኖቹ ሱቅ ሄድኩ። እዚያ በቁና አይሰፍሩም፤ የሚሸጡት በኪሎ ነው። ጎረቤቴ የሺ አንድ ቁና አምስት ኪሎ ይሆናል ስላለችኝ አሥራ አምስት ኪሎ አስመዘንኩ።

ቤት ገብቼ በቁናዬ ስሰፍረው አራት ሞልቶ ተረፈ። ሚዛኑ የተሳሳተ መስሎኝ የሺን ጠራኋት። ሳቀችብኝ።

«እኔ የነገርኩሽ የስንዴውን ነው። ዱቄት እንደ ስንዴ ይከብዳል እንዴ? ይህን ሁሉ ዘመን ስትጋግሪ ኖረሽ!»

እኔም ሳቅሁ። ልጄ በረሃ ወደቀ የሚለውን መርዶ ከሰማሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ለአርባው ትመጫለሽ ወይ ስላት ግን ዓይኗን ወደ ደጁ መለሰች።

«ባሌ ይፈራል፣ እህቴ። አርበኛ ቤት የገባውን ሰው ስም ይጽፋሉ አሉ።»

አልተቀየምኳትም። እሷም ልጆች አሏት።

ቄሱም ሰው አታብዢ ብለውኛል። ስለዚህ አንዱን ቁና ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመርኩ። መሐል ላይ እጄ ቆመ። ቀንሼ ብጋግር ማንም እንደማይመጣ ከወዲሁ ያመንኩ መሰለኝ።

መልሼ ገለበጥኩትና አራቱንም አቦካሁ።