ስለ አክስቴ ቢጫ ካፖርት ለፊልሙ ዳይሬክተር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ዳይሬክተር፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ፊልምዎ ተመልካች ዕለት ዕለት እንዲበዛ፣ እንቅልፍዎም የእኔን እንዳይመስል ከልብ እመኛለሁ። እኔ ተዋንያንዎን ያለበስኩ ባለሙያ ነኝ፤ ስሜ የሚያልፈው ሰዉ ወንበሩን ለቆ ሲወጣ ስለሆነ ባያስታውሱኝ አልቀየምም። ውለታዎን በአደባባይ ማመስገን ግዴታዬ መስሎ ስለታየኝ ይህን ለጋዜጣ ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ስለ ካፖርቱ። አዲስ ልብስ ካሜራ ፊት ስለሚያሳብቅ እኛ አልባሾች ያገለገለ ልብስ ከዘመድ አዝማድ መዋስ ልማዳችን ነው። እኔም ያሳደገችኝን አክስቴን፣ ጡረታ የወጣችውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ቢጫ ካፖርቷን እንድታውሰኝ ለመንኳት። በፊልሙ ላለችው ደግ እናት መሆኑን ስነግራት ተኩሳ ሰጠችኝ። እርስዎ ግን በሦስተኛው ቀን ደጓን እናት ከድርሰቱ ሰርዘው፣ ካፖርቱን የእንጀራ ልጇን ለምትመርዘው ሴት ደረቡላት። እንዲህ ያለ ፈጣን አእምሮ ስለተሰጠን ዕድለኞች ነን።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀለሙ። ያ ቢጫ አክስቴ ላይ ሲሆን ደመናማ ቀን ያፈካ ነበር፤ ሰማያዊ መብራትዎን ሲያበሩበት የሻገተ ዳቦ መሰለ። እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ግሩም ነው ያልኩት እኔው ነኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሙዚቃው። ሴትየዋ ዘንቢሏን ይዛ ደረጃ በወጣች ቁጥር ያ የሚያቃስት ቫዮሊን ይከተላታል። እባክዎ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተው ይዩት፤ ደክሟት ደረጃ የምትወጣ ሴት ብቻ ናት። ፊልሙ ከታየ ወዲህ አክስቴ ከበር በወጣች ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ያንኑ ዜማ ያንጎራጉሩላት ነበር፤ ባለ ሱቁም ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው እያለ ይቀልድባት ነበር። ለወጉ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ከቤት መውጣት ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ የጎደላትን ሁሉ ገዝቼ የማደርስላት እኔ ነኝ።

አራተኛም አለኝ፤ እሱ ግን እርስዎን አይመለከትም። ፊልሙ የታየ ዕለት ምንም ሳልነግራት ይዣት ሄድኩ። ካፖርቱን ለብሳ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ደጓ ሴት መቼ ነው የምትመጣው እያለች በጆሮዬ ትጠይቀኛለች። መርዘኛዋ ሴት ካፖርቱን ለብሳ ብቅ ስትልና አዳራሹ በፉጨት ሲናጋ፣ አክስቴ የለበሰችውን ቀስ ብላ አወለቀችና ገበሩን ወደ ውጭ አድርጋ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

እንግዲህ ከቸርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን የደረጃ ትዕይንት በሰፈራችን አዳራሽ አንድ ቀን ያለ ሙዚቃ ያሳዩልን።

የጥበብዎ አድናቂ፣ የመብራትዎ ምስክር፣ ለሚቀጥለው ፊልምዎ የማበድረው ዘመድ ያለቀብኝ፣

አልባሽዎ

ማስታወሻ፦ ካፖርቱ ሲመለስ የደረቱ ቁልፍ ተቆርጦ ነበር። አክስቴ ማን እንደቆረጠው ስትጠይቀኝ እርስዎ ነዎት አልኳት፤ ሌላ እየተከለችበት እጅዎን ረገመች። እርስዎ ግን ቁልፉን ልብ ብለውም አላዩት፤ ለዚህም ልዩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሴትየዋ ይበልጥ ክፉ እንድትመስል ብዬ በገዛ መቀሴ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፉ እስከ ዛሬም ኪሴ ውስጥ አለ። ፊት ለፊት ልነግራት ድፍረት አጣሁ። አክስቴ ጋዜጣ ስታነብ አንድ መስመር አትዘልም፤ የነገውንም የምወስድላት እኔው ነኝ።