«መጣች!»

ቀጮ፣

ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም። ሩዙን ሳታሞቂ እንዳትበዪው። ቧንቧው ስለሚያንጠባጥብ ባልዲውን ከሥሩ አታንሺ።

ትላንት የጮህኩብሽ ስላላጠብሽው ሳህን አልነበረም። «የተማረች ሞግዚት!» ብለሽ ስትስቂ አብሬሽ ሳቅኩ፤ በኋላ ግን ሆድ ባሰኝ።

«ልጅ መጠበቁ ምን ጠቀመሽ?» ስትዪኝ፣ ሕፃኗ ስትተኛ አጠናለሁ አልኩሽ። ውሸት አይደለም፤ ስታቲስቲክስን ያለፍኩት በእሷ እንቅልፍ ነው።

ዋናውን ግን አልነገርኩሽም።

የሕፃኗን ቤት ደወል ስጫን ከውስጥ «መጣች! መጣች!» እያለች፣ አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ እየሮጠች ትመጣለች። እዚህ ስገባ አንቺ ጆሮሽ ላይ የሰካሽውን ማዳመጫ እንኳ አትነቅዪም። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር «መጣሽ?» ያልሽኝን ቀን አላስታውስም።

እኔም ያው ነኝ። ቁልፍሽ በሩ ላይ ሲንቃጨል ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የተኛሁ እመስላለሁ። አንድም ቀን ግን ተኝቼ አላውቅም።

ልጅቷ ጋ እስከ ስምንት ሰዓት ነኝ። ዛሬ ከክፍል ስትመለሺ ቀድሜሽ ገብቼ እጠብቅሻለሁ።

ቁልፍሽን ከቦርሳሽ እንዳታወጪ።

አንኳኪ።