ድንጋይ ጠባቂ አድርገው ስለ ቀጠሩኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ገዛኸኝ
የቀበሌያችን የሥራ ዕድል ፈጠራ ኃላፊ
ባሉበት (ማለትም ከቢሮዎ ውጭ)
መርሳ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? ወንበሩስ ደህና ነው? እኔ ከእርስዎ ናፍቆትና ከሆዴ ጩኸት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል የተመለስኩ ነኝና ፊደል ብገድፍ አይቀየሙኝ፤ እርስዎ በዲግሪ የሚገድፉትን ያህል አይሆንም።

ነገሩን ላልሰማው ሕዝብ ላስረዳ። የማንጎ ጫኝና አውራጅነት ሥራዬ ከማንጎው ጋር ካለቀ ወዲህ፣ በሥራ አጥነት ለመመዝገብ ደጃፍዎ ላይ ሦስት ወር ተሰልፌያለሁ። የተመዘገበ ሰው መናኸሪያው አጠገብ ለሚሰጡት የፍራፍሬ መሸጫ ሼዶች ዕጣ ውስጥ ይገባል ተብሏል። ዕጣው የፊታችን ዓርብ ነው። አከራዬ እትዬ ትርንጎም የታገሱኝ እስከዚያችው ዓርብ ነበር፤ ሼዱ ካልወጣልህ ፍራሽህን ተሸክመህ አንተ ትወጣለህ ብለውኛል። ቅሬታዬም፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬም የሚከተለው ነው።

1ኛ. እርስዎ ሰኞ ስብሰባ፣ ማክሰኞ መስክ፣ ረቡዕ ለቅሶ ስለሚውሉ፣ ሰዉ እንደ ልማዳችን በተራው ላይ ድንጋይ እያስቀመጠ ወደ ጉዳዩ ይሄድ ጀመር። እኔ መሄጃ ስለሌለኝ ድንጋዮቹን ስጠብቅ እውላለሁ። ስም በከሰል ጻፍኩባቸው፣ ፍየል ስትገለብጣቸውም መልሼ አሰለፍኳቸው። ባለድንጋዮቹ ሲመለሱ አንዱ ሻይ፣ ከሐራ የምትመጣው ሳሚራ ደግሞ ግማሽ ዳቦ ያቀምሱኝ ነበር። የሰደበኝን አንድ ሰውዬ ድንጋይ ከሦስተኛ ወደ አሥራ ሰባተኛ ማዛወሬን አልክድም።

2ኛ. ተራዬ ደርሶ ስገባ፣ መነጽርዎን ዝቅ አድርገው «አንተማ ሥራ አለህ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ» ብለው ስሜን ከተመዝጋቢዎች ዝርዝር ሰረዙት። ሦስት ወር ሙሉ ሰልፉን ያላየ ዓይን ግማሽ ዳቦዬን በመስኮት ማየቱ የአላህ ተአምር ነው፤ ከክፉ ይጠብቅልዎ።

3ኛ. በሳምንቱ በቀበሌው ስብሰባ ሪፖርት ሲያነቡ፣ ቋሚ ሥራ ከተፈጠረላቸው ወጣቶች መካከል «ቶፊቅ ይማም፣ በጥበቃ ዘርፍ» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ በራሴ ሹመት ዝም ማለት ነውር መስሎኝ። እትዬ ትርንጎ ብቻ አላጨበጨቡም። «አንተ ቀጣፊ፣ ለካ ደመወዝተኛ ሆነህ ነው የምታለቅስብኝ!» ብለው ከዓርብ ወደ ሐሙስ አወረዱኝ።

4ኛ. አራተኛው ደመወዜ ነበር። እሱም የለም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ እስከ ረቡዕ ድረስ ከዚህ ከፍተኛ ሥልጣን አሰናብተው ወደ ቀድሞ ሥራ አጥነቴ እንዲመልሱኝ ነው። የሥራ መልቀቂያ ካስፈለገ ይህችው ወረቀት ትሁንልኝ። ረቡዕ ለቅሶ ካለብዎም ችግር የለም፣ ቤቱን ይንገሩኝና እዚያው መጥቼ አብሬዎት አለቅሳለሁ።

ጥላዎ አይራቀን፤ ከጥላዎ ጋር እርስዎም ቢመጡ ደግሞ እሰየው።

ከደጃፍዎ፣ ከሰባተኛው ድንጋይ አጠገብ፣
አክባሪዎ ቶፊቅ ይማም
የድንጋዮች ጠባቂ (ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ምሳ)

ማስታወሻ፦ ከወልድያ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው፣ የወንበርዎም ነገር ያሰጋል ሲባል ሰማሁ። አያስቡ። ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ድንጋይ አስቀምጬ ስምዎን በከሰል ጽፌበታለሁ። ትልቅ ነው፣ ፍየል አትገለብጠውም። ሥራ ፍለጋ ሲመጡ ግማሽ ዳቦ ይዘው ይምጡ።