ደርሶኛል፣ የኔ ግን አይደለም

ይድረስ ለእታለም ውብአየሁ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽን ያ ብርድ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ዝናብ ሲመጣ ከደመናው ቀድሞ ይነግርሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ላሚቱስ ወለደች? አባባስ እንዴት ናቸው? አባባስ? ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ተሳስቼ አይደለም። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ፍልሰታ ነው፣ በጾም ቀን ውሸት ይከብዳል። ጤናዬ ደህና ነው፤ እኔ ግን ደህና አልነበርኩም።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ አድርጊልኝ። ምን እንደበደልኩሽ አታውቂም፣ እኔ ግን ለሳምንታት ተቀይሜሽ ነበር። እንዲያውም አንድ እሑድ ላይ፣ ሁለተኛ አልጽፍላትም ብዬ ምዬ ነበር። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ብቻ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዩኒቨርሲቲያችን ክረምቱን ለሁለት ወር የሥራ ልምምድ ውጡ ብሎ ሲበትነን፣ ለእኔ የደረሰኝ ሰበታ ያለ አንድ የሒሳብ ሥራ ቢሮ ነው። ቢሮው ከብረት ቤት በላይ ነው፤ ታች ብረት ሲቆርጡ እላይ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ይባላሉ፣ ጎንደሬ ናቸው፣ ሰውን የሚያዩት ከመነጽራቸው በላይ ነው። ሥራውን የምታዘን ግን ሮዛ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች የሒሳብ ሠራተኛ፣ እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የፈጠነ። ልምምድ የሚሉት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ነጋዴው ዓመት ሙሉ በፌስታል ያጨቀውን ደረሰኝ እዘረግፋለሁ፣ የተጨማደደውን በመዳፌ አቃናለሁ፣ በየወሩ እለያለሁ፣ በስቴፕለር እመታለሁ። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ሲቆይ ጽሑፉ ይለቅና ነጭ ይሆናል፤ ሳይለቅ ኮፒ ማድረግም የኔ ሥራ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርኩትን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። በስቴፕለር ግን ሰበታ ላይ የሚያህለኝ አይገኝም።

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ይህን እንዳታስቢ። ግን ሁሉም የሚገባበት ቤት አለው። አብራኝ ለልምምድ የመጣችው ቲቲ የቡራዩ ልጅ ናት፤ ሥራ ሊያልቅ ሲል ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ነች፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይራ እናቷ ቤት ትገባለች። ቢሮ ውስጥ ወሬው በአማርኛ ይጀመርና ሳቁ ላይ ሲደርስ ኦሮምኛ ይሆናል፤ እኔ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነው የምስቀው። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እስከ ሰኞ ጠዋት አፌን የሚያስከፍተኝ ሰው የለም። አንድ ሰኞ ሮዛን ደህና አደርሽ ልላት ስል ድምፄ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ አለና እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን አልሳቅሁም።

ስልክሽን በየቀኑ እሞክራለሁ። ቀበሌያችን ኔትወርክ ካጣ ከሚያዝያ ጀምሮ የምታነሳልኝ ያቺ በቴፕ የተቀዳችው ሴትዮ ናት፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። አንቱ ብላ የምታናግረኝ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ከናንተ አካባቢ ጤፍ ጭኖ ሰበታ የሚያራግፍ የሱፍ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር አግኝቼ፣ አንዱን ሐምሌ አራት፣ ሁለተኛውን ሐምሌ ሃያ አንድ በእጁ ሰጠሁት። ቢቸና ገበያ ላይ አደርሳለሁ አለኝ። በሁለቱም ላይ የጠየቅሁሽ አንድ ነገር ነበር፤ አባባ እንዴት ናቸው?

መልስ የለም። መጀመሪያ ተቀየምኩ፤ እታለም ልጆቿን ይዛ እኔን ረሳችኝ አልኩ። ቂም ደግ ነገር ነው፣ ለካስ ሰውን ሞቅ ያደርጋል። ከዚያ ግን ቂሙ ለቀቀኝና ሌላ ነገር ገባብኝ። በየካቲት ስለያችሁ አባባ እያሳሉ ነበር፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንዳልሰማ ሲያፍኑት እሰማ ነበር። የዶርሜ ልጅ ኢቲቻ አምና ምን እንደሆነ ነግሬሻለሁ፤ አባትህን ትንሽ አሟቸዋል ብለው ጠርተውት ሲደርስ፣ ድንኳኑ ፈርሶ አርባውም ወጥቶ ነበር። ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ ይጨርስ ብለው ነው። የኛም ሰው ያው ነው። ለተማሪ መርዶ አይነገርም። እማማ ስታርፍ አንቺም ለሦስት ቀን ጸበል ሄዳለች ብለሽኛል፤ አምስት ዓመቴ ነበር፣ አምኜሽም ነበር። ስለዚህ ዝም ስትይ ዝምታሽን አነበብኩት። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ደረሰኝ እያቃናሁ በሆዴ አለቅስ ነበር፤ ቀኑን እንዲህ እየለየሁ፣ አባባ ካረፉ ዛሬ ስንተኛው ቀን ይሆን እላለሁ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ ሮዛ፣ ለኦቦ ጎበና ደውልና ደረሰኛቸውን በሙሉ ይዘው ይምጡ በላቸው አለችኝ። ኦቦ ጎበና እዚሁ ሰበታ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ደወልኩ፤ አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደሩ አልኳቸው፣ በኦሮምኛ የማውቃት እሷን ስለሆነ። በደስታ መለሱልኝ። ከዚያ ደረሰኝ የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ስትደርስ ያንቺ ቁንጥጫ ትዝ አለኝ መሰለኝ። ሽማግሌ አንቱ ይባላል እያልሽ ጭኔን ያቀላሽው! ለአንድ ትልቅ ሰው ደረሰኝ ማለት ነውር መስሎ ታየኝና ምላሴ ወደ አንቱታ ዞረ፤ እስከ ዛሬ የደረሰዎትን ሁሉ ይዘው ይምጡ አልኳቸው። ሁሉንም? አሉኝ። አዎን፣ የደረሰዎትን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር አልኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ማዳበሪያ ሙሉ ወረቀት በሰው አሸክመው መጡ። ሮዛ ስትዘረግፈው የሠርግ መጥሪያ ነው፣ የዕድር ማስታወቂያ ነው፣ የልጅ የትምህርት ቤት ካርድ ነው፣ የወገባቸው ራጅ ነው። ደረሰኞቹም አሉ፣ ከታች። ሮዛ ቀና ብላ፣ ምን ብለህ ነው የደወልከው? አለችኝ። ያልኩትን ስነግራት ቲቲ ጠረጴዛ ስር ገብታ ሳቀች፤ ሮዛ ግን ከወገባቸው ራጅ ስንት ግብር እንደምንቆርጥ እስኪ አስላና ንገረኝ አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለዩኒቨርሲቲው ስለኔ የምትጽፈው እሷ ናት።

ኦቦ ጎበና ግን አልሳቁም። ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ፖስታዎች አወጡና ለብቻ ጠረጴዛው ላይ አኖሯቸው።

«ኢልመ ኮ፣ እነዚህ ሁለቱ ደርሰውኛል፣ የኔ ግን አይደሉም» አሉኝ።

ኢልመ ኮ ልጄ ማለት ነው። ፖስታዎቹን አየሁ። ለእታለም ውብአየሁ ይላሉ፣ በኔ ጽሕፈት።

ለካስ የሱፍ የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንደተቀበለኝ መንገድ ቀይሯል፤ ሁለተኛውን ሲቀበለኝም አልነገረኝም። መኪናው ወደ ጅማ መስመር ዞሮ ተጂ ከምትባል ከተማ እህል ይጭናል፤ ደብዳቤዎቹን ወደ ቢቸና ለሚሄድ ስጡልኝ ብሎ ደንበኛው ለሆኑት ለኦቦ ጎበና ትቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከጎጃም አንድም መኪና ወፍጮ ቤታቸው አልመጣም። ደብዳቤዎቹን ላንቺ ስጽፍ ከተቀመጥኩባት ክፍል ወፍጮው የሃያ ደቂቃ መንገድ ቢሆን ነው። አልቅሼ አላውቅም ብዬ ስፎክርብሽ ትዝ ይልሻል? ሮዛና ቲቲ እያዩኝ አለቀስኩ። ሮዛ ስድቧን ዋጠች፤ ምሳዋን አካፍላ ሽሮ አበላችኝ። ኦቦ ጎበና ከአባባ ጀምሮ ስለ ሁላችሁ አንድ በአንድ ጠየቁኝና፣ ይህን ሦስተኛውን ደብዳቤ ራሳቸው እህል በረንዳ ወስደው ለሚያውቁት የቢቸና ሹፌር እንደሚሰጡልኝ ነገሩኝ። በትክክል ደረሰኝ ብዬ ቢሆን ኖሮ ደረሰኞቻቸውን ብቻ ይዘው ይመጡ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ዝምታሽን እያነበብኩ እኖር ነበር።

እና እታለም፣ ዝም አላልሽኝም። አልደረሰሽም እንጂ። ይህን ባወቅሁበት ሌሊት ሐምሌ ከገባ ወዲህ ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። ሲነጋ ግን ሒሳቡን ዳግመኛ ሠራሁት፤ ደብዳቤዬ አልደረሳችሁም ማለት አባባ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ዛሬ እሑድ ነው፣ ውጭ ይዘንባል፣ የማወራው ካንቺ ጋር ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ነገር እንዳልተደረገ እንደሚቆጠር ነው። ከደብዳቤው ግርጌ ደረሰኝ አዘጋጅቻለሁ፤ ቀደሽ ለዚያው ሹፌር ስጪው። አባባ መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ይጫኑበት፤ ቀለም ከጠፋ ጥላሸት በኑግ ዘይት አሺው። ማጭድ የቆረጣቸው ያ ጠባሳ በአሻራቸው መሐል ነጭ መስመር ያወጣል፤ ያን መስመር ከሺህ አሻራ መሐል እለየዋለሁ። ለእኔ አዝነሽ ያንቺን ጣት እንዳትጫኚ፣ አውቅሻለሁ። የሚጫን ጣት ከሌለ ባዶውን ላኪልኝ። ባዶውን ላኪልኝ እንጂ ጸበል ሄደዋል አትበዪኝ፤ አሁን ሃያ አንድ ዓመቴ ነው።

ለባልሽ ለጋሽ አላምረው ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሞፈሩን እስካሁን ባለመጠገናቸው አልስቅባቸውም በያቸው። ወንዲን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ፊደሉን ሀ ግዕዝ ብሎ ካልጨረሰ ግን አንዱን ብቻ። ትንሿን ያለምወርቅን ሳሚልኝ፣ ትረሳኝ ይሆን? ለጎረቤታችን ለእማሆይ በጸሎታቸው ያስቡኝ ብለሽ ንገሪልኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ያንቺን ያመመሽንም ጉልበት ስሜያለሁ።

ወንድምሽ ዓባይነህ
ሰበታ፣ ነሐሴ ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ከዚህ ይቀደድ
ደረሰኝ
የልጄ የዓባይነህ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ የኔ ነው።
የተቀባይ አውራ ጣት፦