የፔርሙዙ ለቅሶ

ይድረስ ለወንድሜ ለዋሪዮ ዳዳቻ፣ ካለህበት፤

በጥልቅ ሐዘን የምገልጽልህ፣ ከመሄድህ በፊት ለእማዬ የገዛህላት ባለ ቀይ አበባ ፔርሙዝ ጥቅምት 17 ቀን ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በድንገት ከጠረጴዛ ወድቆ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን ነው። ሟቹ ከዶሎ በግመል ተጭኖ፣ የኬላ ፊናንሶችን በዘዴ አልፎ ነገሌ ከገባበት ቀን ጀምሮ ቤተሰቡን በቅንነትና በሙቀት ሲያገለግል ቆይቷል። ቆርቆሮው ደህና ነው። የሞተው ውስጡ ነው።

ይህን ካረዳሁህ በኋላ ወደ ሰላምታው ልመለስ። አካም ጅርታ? ናጋ? ጤናህ እንዴት ነው? እግርህስ? ያ ቆላ የለመደ ደረትህ የሰሜኑን ብርድ እንዴት ቻለው? ትበላለህ? የምትበላውንስ ታኝካለህ ወይስ እንደ ድሮህ ትውጣለህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ደህና ስልህ አሥር ወር ሙሉ አንድ ደብዳቤ ያላየ ቤት ደህና የሚባለውን ያህል። የሀገያው ዝናብ ዘንቦ ሳሩ ብቅ ብሏል። አባባ የከብት ድለላቸውን አልተዉም። እኔም እዚያው ጽሕፈት ቤት የሰው ማመልከቻ በታይፕ ስመታ እውላለሁ፤ አንደበቴ የተበላሸው ከዚያ ነውና ታገሠኝ።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እማዬ አላለቀሰችም። አንተ የዘማቾቹ ጭነት መኪና ላይ ስትወጣ አላለቀሰችም፤ ደብዳቤህ ሲቋረጥም አላለቀሰችም። «መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ ሟርት ነው፤ ለሞት መንገድ ማሳየት ነው» ትል ነበር። ስለዚህ ዋጠችው። የተዋጠው እንባ ግን ሌላ ሥራ ፈለገ። ግቢውን በቀን አራት ጊዜ ትጠርጋለች፣ ዶሮዎቹን በየተራ ትሰድባለች፣ እንቅልፍ የሚባል የለም፣ «ደረቴን አንድ ነገር ተጭኖኛል» ትላለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ሶራ ደረቷን አዳምጦ፣ ዓይኗን ገልጦ አይቶ ሲያበቃ ወደ ውጭ ጠራኝና፣ «እናትሽ የሚያስፈልጋት ክኒን ሳይሆን ለቅሶ ነው። ኤላ፣ ያ ጥልቁ ጉድጓድ እንኳ ካልተቀዳ ውሃው ይሸታል። አንድ ቀን በደንብ ታልቅስ» አለኝ። «ታዲያ የሰጠሃት ክኒን ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱማ ያለን እሱ ነው» አለ።

እኔም ሥራዬ ብዬ ተያያዝኩት። በመጀመሪያ ሽንኩርት አስከተፍኳት። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ከተፈች፤ ያለቀስነው እኔና ድመቷ ነን። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሲያርፉ ለቅሶ ቤት ወሰድኳት፤ እዚያ እንኳን የሰው እናት መንገደኛም ያለቅሳል። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንደ ግድግዳ ተቀምጣ ዋለች። ሰውም «አመለወርቅ ልቧ ደነደነ» ብሎ አማት። ስንመለስ መንገድ ላይ «ምነው፣ ትንሽ እንኳ?» ብላት፣ «በእሳቸው ስም ጀምሬ በእሱ ስም ብጨርሰውስ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ፔርሙዙ ወደቀ። ድምፁ ጥይት ይመስል ነበር። እማዬ ስብርባሪውን ከፈሰሰው ሻይ ውስጥ እየለቀመች «የልጄ ዕቃ» አለች። ከዚያ በኋላ፣ ወንድሜ፣ የዘጠኝ ወሩ በአንድ ጊዜ መጣ። ከዚያች ትንሽ ሴት እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።

የነገሌ ሰው ደግሞ የወታደር እናት በማለዳ ስትጮህ ሲሰማ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነዋ። መጀመሪያ እትዬ ቡርቱካን አጥሩን ጥሰው ገቡ፤ ልጃቸው ሞሉ ከአንተ ጋር በአንድ መኪና የሄደ ነው። ቀጥላ የባለሱቁ የሰማታር ሚስት ራሕማ በባዶ እግሯ ደረሰች። የእድሩ ለፋፊ አብዱባም የማን ቤት መሆኑን እንጂ የምን ለቅሶ መሆኑን ሳያጣራ የእድሩን ጡሩንባ ነፋው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደሥላሴ ድንኳን አስተክለው፣ አግዳሚ ወንበር አስደርድረው፣ «ዋሪዮ! ዋሪዮዬ!» የሚለው ከየአቅጣጫው ተቀጣጠለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ፔርሙዝ ነው! ፔርሙዝ ነው!» እላለሁ፤ እነሱ «አይዞሽ፣ ሐዘን ያስቀባጥራል» እያሉ ያቅፉኛል። በደንብ ተለቅሶልሃል፣ ቅር አይበልህ። የተጣላሃቸው ሳይቀሩ መጥተዋል።

እማዬ ስምህን ስትሰማ እንባዋን አቋርጣ ቆርቆሮውን እንደያዘች ወጣች። «ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ! ልጄ አልሞተም! ያለቀስኩት ለፔርሙዜ ነው!» አለች።

አቶ ወልደሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «በእድሩ ደንብ መሠረት ድንኳን የሚተከለው ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለወንድምና ለእህት ነው፤ ለሻይ ዕቃ አይተከልም» ብለው እንዲነቀል አዘዙ። አብዱባ የመጀመሪያውን ካስማ ሊነቅል ሲያጎነብስ እትዬ ቡርቱካን እጁን ያዙት። «አንዴ ተተክሎ የለም? ትንሽ ይቆይልን» አሉ። ዳኛው «ለምን ጉዳይ?» ብለው ጠየቁ። «ለፔርሙዙ» አሉ እትዬ ቡርቱካን። ማንም አልሳቀም። አቶ ወልደሥላሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ለካ የእሳቸውም የልጅ ልጅ እዚያው አንተ ያለህበት ነው።

እማዬ ግን የራሷን ደንብ አወጣች። የሰው ስም መጥራት ክልክል ነው፤ የሚለቀስ ለፔርሙዙ ብቻ። እናም እናት ሁሉ ለፔርሙዙ አለቀሰች። እትዬ ቡርቱካን ብድግ ብለው እንዲህ አወረዱ፦

ላይህ አበባ ነው፣ ውስጥህም መስተዋት፣
ማን እንዲህ ሰበረህ በማለዳ ጠዋት?

ይህን ሲሉ እኔ ውሃ ለመቅዳት ወደ ጓዳ ሄድኩ። ራሕማ «በእኛ ሃይማኖት ዋይ ማለት አይፈቀድም» እያለች፣ ማንንም ሳታስቸግር፣ አንድ ሻሽ በጸጥታ አራሰች።

አባባ በዚህ ሰዓት ከብት ተራ ነበሩ። ጡሩንባውን ሰምተው «የማን ቤት ነው?» ቢሉ፣ የማያውቃቸው አንድ ገበያተኛ «ዳዳቻ የሚባል ሰው አለ፣ የእሱ ልጅ ነው አሉ» አላቸው። ይህን ክፍል አሳጥሬ ልለፈው። ድንኳኑን ከሩቅ ሲያዩ ሰማታር ሱቅ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሰማታር ሚዛኑን ጥሎ ወጣና፣ «ኦቦ ዳዳቻ፣ ናጋ! ናጋ! ሰው አይደለም፣ ፔርሙዝ ነው!» እያለ ትከሻቸውን ወዘወዛቸው። ሦስት ጊዜ አስደግመውት ተነሡ። ቤት ሲደርሱ ማንንም አልተቆጡም። «እስቲ አህያዋን ልያት» ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ፤ ብዙ ቆዩ። ዓይናቸው ቀልቶ ሲመለሱ «የአህያዋ አቧራ ነው» አሉን። አህያዋ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ልታመጣ ሄዳ ነበር።

ድንኳኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተነቀለ። እማዬ ፊቷን ታጥባ ምሳ በላች፤ ጨው አንሶታል ብላም ተቆጣችኝ፤ ምግብ ከቀመሰች ስንት ጊዜዋ! ከዚያ ተኛችና እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አንኮራፋች፤ አባባ እንዳትነቃ በእግር ጣታቸው ነበር የሚሄዱት። አሁን ግቢውን የምትጠርገው በቀን አንዴ ነው፤ ዶሮዎቹም ክብራቸው ተመልሶላቸዋል። ናፍቆቷ ለቀቃት አልልህም። ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ወርዶ አጠገቧ ተቀምጧል፤ አጠገብ ከሆነ ደግሞ አብሮ መኖር ይቻላል። ሶራ ይህን ሲሰማ «በሉ ክኒኔን መልሱልኝ» አለ።

ሌሎቹ እናቶችም ነገሩ ስለቀለላቸው በየአሥራ አምስት ቀኑ እትዬ ቡርቱካን ቤት ይሰበሰባሉ። እያንዳንዷ አንድ የተሰበረ ዕቃ ይዛ ትመጣለች፤ ራሕማ ባለፈው ጆሮ የሌለው ስኒ አምጥታ ነበር። ያለቅሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ሰው ያማሉ። ቀበሌው የስብሰባውን አጀንዳ ቢጠይቃቸው «የንብረት አያያዝ» ብለው አስመዝግበዋል።

አንተ ግን ይህን ያህል ተለቅሶልህ ዝም ማለት ነውር ነው። ረጅም አትጻፍ። ስምህ በራስህ እጅ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይበቃናል። ጽሑፍህ ዶሮ የጫረችው እንደሚመስል እማዬ እንኳ ፊደል ሳትቆጥር ታውቃለች፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ጽፎት እንደሆነ አትሸወድም።

አባባ ናጋ ይሉሃል፤ አህያዋም አቧራዋም ደህና ናቸው። እማዬ ግንባርህን፣ ሁለቱን ጉንጮችህንና የተሰነጠቀውን ቅንድብህን ስማሃለች። እትዬ ቡርቱካን ሞሉን ካገኘኸው ካልሲውን እንዲቀይር ንገርልኝ ብለዋል፤ ሌላ ምንም አላሉም። ራሕማና ሰማታር ሰላም ይሉሃል። ሰማታር ሌላ ፔርሙዝ ከዶሎ ላስመጣ ቢል እማዬ «የሚያመጣው አለ» ብላ እምቢ አለችው። ድመቷ ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ ከአንተ ቀድመው የሚያነቡት ካሉ ለእነሱም ሰላምታችን ይድረስ፤ ሲጨርሱ እባካቸው ያሳልፉልን።

እህትህ ጠጂቱ ዳዳቻ
ነገሌ ቦረና
ኅዳር 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ «በድንገት ከጠረጴዛ ወድቆ» የተባለው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ «በጠጂቱ ዳዳቻ እጅ፣ ታስቦበት፣ ከጠረጴዛ ተገፍቶ» ተብሎ ይነበብ። የታሰበው የዕቃው መሰበር ብቻ ሲሆን ጡሩንባው፣ ድንኳኑና የአባባ መሬት ላይ መቀመጥ አልታሰቡም ነበር። እማዬ እስካሁን አታውቅም። ልትነግርብኝ ሙሉ መብት አለህ፤ ደብዳቤህን የማነብላት እኔው ብሆንም አንድ ቃል ሳልዘል አነብላታለሁ። አቤቱታ የምንቀበለው ግን በጽሑፍ ብቻ ነው።