እሜቴ የምትበላበት ቀን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከሥራ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ውስጥ ደዌ ክፍል ዛሬ ሠላሳ ሁለት በሽተኛ፣ አራት ነርስ። ከአራቱ አንዷ የምታስታምመው ስልኳን ነው።

ቤት ስደርስ ሰውዬው ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክኮ መስታወት ሳጥኑ ላይ አፍጥጧል። ቀና እንኳ አላለም። "ቆይ ቆይ… እየበላች ነው" አለኝ በሹክሹክታ። ማን? እንሽላሊት! ቢጫ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨባት፣ ጭራዋ እንደ ካሮት የወፈረ እንሽላሊት። ሌፐርድ ጌኮ ነው የምትባለው ይላል። ነብር መሆኗ ነው እንግዲህ። ስሟንም እሜቴ ብሏታል። እኔን አንድ ቀን በዚህ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

ካርታ ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ከተዘጋ ስምንት ወሩ። በስምንት ወር ያገኘው ሥራ ይኸው፤ ሁለት እንሽላሊት ማስተዳደር። ድንቄም አባወራ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ግድግዳዬ ላይ ወረቀት ለጥፏል። በማስመሪያ የተሰመረ፣ የካርታ ሰው አይደል። ትንሿ፣ ሚጢጢ የሚላት፣ በየቀኑ ትበላለች። እሜቴ አንድ ቀን በልታ አንድ ቀን ትዘላለች። ፌንጣው በእንሽላሊቷ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ቦታ መብለጥ የለበትም። የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስበታል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልተበላ ይወጣል፤ ካልወጣ ፌንጣው ራሱ ዞሮ ይነክሳታል።

"አንዷ በየቀኑ፣ አንዷ እየዘለለች… ምን የሚሉት አድልዎ ነው?" አልኩት። መልሱን ፈልጌ እንኳ አልነበረም።

"ሚጢጢ እያደገች ነዋ። እሜቴ አድጋ ጨርሳለች። በየቀኑ ከበላች ስቡ ጉበቷን ይጨርሳታል።"

እንዴት ዓይኑ እንደሚበራ! የእኔ ጉበት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ጠይቆ ያውቃል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ሚጢጢ ዛሬ ስድስት ፌንጣ በላች አለኝ። ይህን ዜና እስክሰማ ነው የኖርኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

እትዬ መጣች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ምላሷ ምላጭ። ሳጥኖቹን አይታ፣ "እንዲህ ያለውን በመጥረጊያ ያባርሩታል እንጂ ቀለብ ይሰፍሩለታል?" አለች። ሳቅን። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እሱ እዚያው ጥግ ለፌንጣዎቹ ካሮት ይፈቀፍቃል። (ፌንጣም ይመገባል! የምግቡ ምግብ መሆኑ ነው።) ሰምቶናል። እንዳልሰማ ሆነ፤ ጭራሽ ፈገግ አለ። ሲሰድቡት ፈገግ የሚል ሰው… እንዴት ነው የሚከበረው?

ልሸኛት ስወጣ፣ "ግን ከሳብሽ እኮ" አለችኝ።

"ሐሳብ ነዋ። ካለው ማለቴ ነው።"

እንደገና ሳቅን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሆዱ እንደ ከበሮ ያበጠ ሰውዬ ይዘው መጡ። ስንት ወር ቤቱ ተቀምጦ! ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ታለቅሳለች። "አብራችሁ አትኖሩም? ዓይን የለሽም?" አልኳት በሽተኛው ሁሉ እየሰማ። ነጠላ ጫማዋን እያየች ቀረች። ትስማው! እነሱ ሲያንቀላፉ ከርመው እኛ ተአምር እንድንሠራ ይፈልጋሉ።

እራት ላይ ለሰውዬው አወራሁለት። ራሱን ለናቀ ሰው እንኳን እኔ እናቱም አታዝንለት አልኩ። አዳመጠኝ። ምግቡን በሹካው ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ… ዛሬ እንኳ ስለ እሜቴ አላወራም። ተመስገን ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ሌሊቱን አራቴ ተነሳ። ጆጉን አንስቶ ውሃ ይጋታል፤ ደግሞ ሽንት ቤት። በሩ ይንቋቋል። እኔ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተረኛ ነኝ፤ እሱ የሚጠብቀው ፌንጣ ነው። "ለምን እዚያው ሽንት ቤት አልጋ አናነጥፍልህም?" አልኩት። ሳቀ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቅባት እንኳ አይቀባም፤ ዝርክርክ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሰኞ ሰኞ ይመዝናቸዋል። በእኔ የወጥ ቤት ሚዛን! የሚበላ ነገር የምመዝንበት ላይ እንሽላሊት ተጋድማ… አልናገርም።

"እስኪ እይልኝ፣ ስልሳ ሁለት ነው ስልሳ ሰባት?"

"ዓይንህ ጠፋ እንዴ? ስልሳ ሁለት።"

"ሁለት ግራም ቀንሳለች" አለ። ፊቱ ጠቆረ። ለሁለት ግራም! ጎንበስ ሲል ሱሪው ሊወልቅበት ነበር። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል፤ ያውም ሁለት። ሲያስጠላ። ሰው ለራሱ ቀበቶ መግዛት አቅቶት ለእንሽላሊት ካልሲየም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ተመላልሼ የምጽፈው ስለዚህ ሰውዬ ብቻ ሆነ። ሌላ ምን አለኝ? ሥራ፣ ቤት፣ ሥራ። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ተኝቶ ዋለ። ሲመሽ ብቻ ግድግዳውን እየያዘ ተነስቶ ሚጢጢን መገበ። የራሱን ምሳ ረስቶታል፤ ድስቱ እንደተከደነ አገኘሁት። ጠዋት እንዳስቀመጥኩት። አልጠየቅሁም። ለምን እጠይቃለሁ? ልለምነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ልጻፈው።

ስገባ ወለሉ ላይ ነበር። እንደ ወትሮው ተንበርክኮ መስሎኝ "ዛሬስ ስንት በላች?" ብዬ ቦርሳዬን ወረወርኩ። በጎኑ ወድቋል። የፌንጣው ዕቃ ተገልብጦ ፌንጣዎቹ ደረቱ ላይ ይዘላሉ። ጎንበስ አልኩ። ትንፋሹ ፈጣን፣ ከሆዱ የሚሳብ። ሽታው የበሰበሰ ፍራፍሬ። ይህን ሽታ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።

ስኳር።

ውሃው። ሽንቱ። ዓይኑ። ቀበቶው።

ጎረቤታችን ታክሲ ነጂው አዝሎ መኪናው ውስጥ አስገባው። እንዴት ቀለለኝ አለ። "ምን ነክቶት ነው እንዲህ የቀለለው?" ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

የራሴ ክፍል፣ አሥራ አንደኛው አልጋ። ስኳሩ አምስት መቶ አርባ። ፈሳሹን፣ ኢንሱሊኑን ሁሉንም ሌሎች ሰቀሉ፤ እኔን ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

ተረኛው ሐኪም ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። ባለፈው ወር መርፌ ይዞ ሲንቀጠቀጥ በሽተኛ ፊት ያዋረድኩት።

"ሲስተር፣ ውሃ ይጠማው ነበር?"

"ይጠማው ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"… ወር ይሆናል።"

"ክብደቱስ?"

"ቀንሷል።"

"ስንት ኪሎ ነበር? አሁንስ?"

አላውቅም። የእንሽላሊቷን አውቃለሁ፤ ስልሳ ሁለት ግራም። የባሌን አላውቅም።

ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም። ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ጻፈ። ደግነቱ ነው። እኔ ብሆን አየው ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ነቃ። የመጀመሪያው ቃል፣ "ሚጢጢ በላች?"

ልጮህበት ነበር።

ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን ከግድግዳ ላይ አነበብኩ፤ ዛሬ ሁለቱም ይበላሉ። ፌንጣ በመቆንጠጫ ስይዝ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ሬሳ የገነዝኩ ሴት! ሦስቱ አምልጠው ሶፋ ሥር ገቡ። ሚጢጢ አራት በላች። እሜቴ ፌንጣውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ፊቷን አዞረች። ንቀት ከእኔ ሌላ የሚችልበት አለ ለካ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ዛሬም ቀኗ ነበር፤ አልበላችም። ሩብ ሰዓት ቆጥሬ ፌንጣዎቹን ለቅሜ አወጣሁ። ሞታ ብትጠብቀው ምን እለዋለሁ? እሷንም አላየሁም ልበል? ሥራ ስገባ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

"አልበላችም። ሁለት ጊዜዋ።"

"ጭራዋስ?"

"ወፍራም ነው።"

"እንግዲያው ተያት። ስንቋን የምታስቀምጠው እዚያ ነው። ቆዳዋ ሊገፈፍ ሲል ምግብ ትተዋለች። የሚያሰጋው ጭራዋ ሲቀጥን ነው።"

ድምፁ ደካማ ነው፤ ግን ያውቃል። በትክክል ያውቃል። ከእኛ ክፍል ስንቱ ነው ስለ በሽተኛው ይህን ያህል የሚያውቅ?

"ሰው ጭራ የለውም" አልኩት።

"ሰው አፍ አለው" አለ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አላስቻለኝም። "አፍ ካለህ ለምን አልነገርከኝም?"

አንሶላውን በእጁ አስተካከለ። ከዚያ፣ "ያን ሆዱ ያበጠውን ሰውዬ አስታወስኩት" አለኝ።

"የቱን?"

"እራት ላይ ያወራሽልኝን። ሚስቱን ዓይን የለሽም ያልሻትን። ራሱን ለናቀ ሰው እናቱም አታዝንለት አልሽ… እና ስለ እኔ ደግሞ ለማን ታወሪ ይሆን ብዬ። ፈራሁ።"

በሽታውን አይደለም የፈራው። እኔን ነው።

ፋሻ የምናስቀምጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የጓንት ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት ነጭ ለብሼ፣ በሽታን በጠረኑ እየለየሁ፣ ሲስተር ሲስተር እየተባልኩ… ባሌ ሊሞት ደርሶ ከእኔ ይደበቃል። እሱ ለእንሽላሊት የሚያሳየውን እንክብካቤ ለእሱ የማላሳየው እኔ፤ ዝርክርክ የምለው እሱን። ማን ነኝ እኔ? ምን ሆኜ ነው?

አላለቀስኩም። ማልቀስ ይቀል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

እትዬ ደወለች። "እንሽላሊት ጠባቂሽ እንዴት ሆነ?"

"ባሌን ነው የጠየቅሽኝ?"

"ምነው… ቀልድ አይደል እንዴ?"

"አዎ። እኔ ነኝ ያስለመድኩሽ።"

ቆይታ፣ "እግዜር ይማረው በይልኝ" አለች። ከልቧ ይመስላል። ነገ ልትጠይቀው ትመጣለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ከሆስፒታል ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ። መርፌውን ራሱ ይወጋል። የካርታ እጅ፣ አይንቀጠቀጥም። ዓይኑም እየተመለሰ ነው፤ ጋዜጣ ከነማስታወቂያው አነበበ።

ሲመሽ አብረን መገብን። እሱ ያቀብላል፣ እኔ እቆጥራለሁ። ሚጢጢ አምስት። እሜቴ ቆዳዋን ገፍፋ ራሷ በልታው አዲስ ሆናለች። ወጥታ መስታወቱ ሥር ቆመች፣ አየችኝ። አንድ ፌንጣ ተርፎኛል።

"ተዪው" አለ። "ዛሬ ቀኗ አይደለም።"

"ስንት ቀን ሙሉ ሳትበላ የከረመች!"

"ትናንት በልታለች። አምስት።"

"አንድ ፌንጣ ምን ያደርጋታል?"

"ነገም አንድ ትያለሽ። ከነገ ወዲያም።"

"ሃያ ዓመት በሽተኛ የመገብኩትን፣ አንተ ልታስተምረኝ?"

"አዎ፣ እኔ ላስተምርሽ!" ጮኸ። ጮኸ! "አሳዘነችሽ ማለት ራባት ማለት አይደለም! አስቀምጪ አልኩሽ!"

እኔም ጮህኩ። ግትር አልኩት። እሱም አንቺ ደግሞ ሰው አትሰሚም አለኝ። ታክሲ ነጂው ጎረቤታችን ግድግዳውን አንኳኳ፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ቀጠልን።

ሥራ ከፈታ ወዲህ ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ቀን አልተጣላንም። ሰላም መስሎኝ ነበር። ለካ የናቁትን ሰው ማንም አይጣላውም።

ልክ ነበር። እንዲህ በቀላሉ ልክ ነህ እንደማልለው ያውቃል፤ ይቆይ። ፌንጣውን ወደ ዕቃው መለስኩት። እሜቴ ትንሽ ጠብቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ዋሻዋ ገባች።

ነገ ቀኗ ነው።